ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፤ የአሞራ ገደል ዋና ቤትና ሰርቪስ እንደ መኖሪያና እንደ ጥሪት

ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ሲባል በአንድ ካርታና በአንድ አጥር ውስጥ የየራሳቸው በር፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያላቸው ሁለት መኖሪያዎች ማለት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች እንዲህ ያለው አኗኗር ለማንም እንግዳ አይደለም። ፊት ለፊት ያለው፣ ባለቤቱ የሚኖርበት፣ «ዋናው ቤት» ይባላል፤ ከጓሮ አጥሩን ተጠግቶ በአንድ መስመር የተደረደረው ደግሞ «ሰርቪስ» ነው። ሰርቪሱ ጥንት የሚሠራው ለማድ ቤት፣ ለዕቃ ማስቀመጫና ለቤት ሠራተኛ መኝታ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው መሠረቱን ሲያወጣ ገና ከጅምሩ የሚያስበው ለኪራይ ነው። ከዋናው ቤት በፊት ሰርቪሱን ጨርሶ፣ እዚያው ገብቶ እየኖረ፣ ዋናውን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚያሳድግም አለ።

አሞራ ገደል በሐዋሳ ከሐይቁ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ ውጭ ያለ ሰው ስሙን የሚያውቀው በዓሣ ገበያው ነው፤ ማለዳ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶው እየተገፈፈ ይሸጣል፣ አባ ኮዳዎቹ ረጃጅም ቅልጥማቸውን ተክለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፣ ከዛፎቹ ጦጣና ጉሬዛ አይጠፋም። እዚህ አካባቢ ግቢ ለሚገዛ ወይም ባለው ግቢ ላይ ክፍሎች ለመጨመር ለሚያስብ ቤተሰብ ጥያቄው ሁለት ሆኖ ይመጣል፤ ቤቱ ይኖርበታል ወይ? ገንዘቡንስ ይመልሳል ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ሲታዩ መልሳቸው የተዛባ ይሆናል። ሰርቪስ ቤት እንደ ንግድ ብቻ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ደካማ ንግድ ነው። የመኖሪያን ወጪ እንደሚያቃልል የቤተሰብ ጥሪት ሲታይ ግን ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬውን የሚወስኑትም ከኪራዩ መጠን ይልቅ በር፣ ቆጣሪ፣ ሽንት ቤትና ወረቀት ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ግቢ የዛሬውን መልክ የያዘው በታሪክ ግፊት ጭምር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ የግል አከራይነትም በሕግ ተዘጋ። ለመኖሪያ የቀረችው አንዲቷ ቤትና ግቢዋ የቤተሰቡ ብቸኛ ሀብት ሆነች። ልጅ ሲያድግ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ፣ ወንድም ሲያገባ መላው ያለው በዚያችው አጥር ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከጓሮ አንድ ክፍል ይቀጠላል፣ ጥግ ላይ አንዲት ማድ ቤት ትወጣለች። በኋላ ማከራየት ሲፈቀድ ለዘመድ የተሠሩት ክፍሎች ለተከራይ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ሐዋሳ ራሷ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ መንገዶቿ በፕላን የተቀደዱ ወጣት ከተማ በመሆኗ በቆዩት ሰፈሮቿ ሰፋ ያሉ ግቢዎች አሉ። በሰፊ ግቢ ላይ ሰርቪስ መጨመር ፀሐይና አየር ሳይዘጋ ይቻላል። በኋላ በመጡት ጠባብ ቦታዎች ላይ ግን ያው ሥራ ዋናውን ቤት ያጨልመዋል።

የግቢው አሠራር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚታየው ቪላው ፊት፣ ሰርቪሱ ኋላ ሆኖ መግቢያው የጋራ የሆነበት ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ላይ ይኖራል፣ ምድሩን ያከራያል፣ ደረጃው በውጭ በኩል ይወጣል። ሦስተኛው አንዱን ቪላ መሐል ላይ በግድግዳ ከፍሎ ሁለት ማድረግ ነው። ይህ በገንዘብ ርካሹ፣ በኑሮ ግን አስቸጋሪው ነው፤ የአንዱ ቤት ሳል፣ ጸሎት፣ ቴሌቪዥንና ጠብ ለሌላው ይሰማል፣ ባለ አሥር ሳንቲም ብሎኬትም ድምፅ አያቆምም።

ብዙ ጊዜ ሳይወራለት የሚቀር አራተኛ መንገድ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ሰርቪስ ገብቶ ዋናውን ቤት ማከራየት። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸው የወጡላቸው፣ ሦስት መኝታ ቤት የሚያስፈልጋቸው በዓል ሲመጣ ብቻ ነው። ቪላውን ለቢሮ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ወይም ለሌላ ቤተሰብ ሰጥተው በሁለት ክፍል ሰርቪስ ሲኖሩ ተጨማሪ ሲሚንቶ ሳይገዙ ከፍ ያለ ኪራይ ያገኛሉ። ተከራዩም አንድ በመሆኑ ንትርኩ ይቀንሳል። ቅሬታው ከሂሳብ ውጭ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ የሠራውን ሳሎን በመስኮት እያየ መኖር ይከብደዋል፤ «እገሌ እኮ ሰርቪስ ገባ» የሚለው የሰፈር ወሬም ይጎረብጣል። ሆኖም ይህ አማራጭ ገና ከዲዛይኑ ቢታሰብበት፣ ሰርቪሱ የራሱ መታጠቢያ፣ በቂ መስኮትና ኮርኒስ ያለው፣ ለሰው የሚመች ሆኖ ይሠራ ነበር። ለሌላ ሰው የሚሠራ ክፍል ራስ ሊኖሩበት ይችላሉ ተብሎ ሲሠራ ጥራቱ ይለያል።

የኪራይ ገቢ ከተማው ውስጥ ካለው ሥራ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የሐዋሳ ያለፉት አሥር ዓመታት ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸው አነስተኛ በመሆኑ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋሩ ነበር። ለፓርኩ ቅርብ በሆኑት ሰፈሮች ያለው አከራይ ክፍል ሲቀጥል የታየው ለዚህ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ የፓርኩ ዋና መልሕቅ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ለቅቆ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ከአንድ ወር በኋላም ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከቢሮ በኩል ነው። ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የቀድሞው ደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ደቡብ ምዕራብ ኅዳር 2014 ላይ ራሱን ቻለ፤ ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ የቀረው ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ መሥሪያ ቤቶቹም ወደ አዲሶቹ መቀመጫዎች ሄዱ። በሐዋሳ የሚከራይ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ማለት በወሩ መጨረሻ ሳይጎድል የሚከፍል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ፣ ዓመታት የሚቆይ ተከራይ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ተከራይ የሚያጣ ግቢ ክፍሎቹን ባዶ ባያሳድር እንኳ የተከራዩ ዓይነት ይለወጥበታል።

የአሞራ ገደል ጥንካሬ በአንድ ቀጣሪ ላይ አለመንጠልጠሉ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ከሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ወጣቶች ሁሉ ክፍል ይፈልጋሉ። ከዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የሚመጣ አለ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላና በገብርኤል ንግሥ ከተማዋ እንግዳ በእንግዳ ትሆናለች። ይህን ያየ ባለግቢ ሰርቪሱን አልጋና ፍሪጅ አስገብቶ በቀን ሒሳብ ለእንግዳ ለማከራየት ይፈተናል። የአንድ ሌሊት ዋጋ በወር ቀናት ተባዝቶ ሲታይ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሥራው ያን ጊዜ ከቤት ኪራይ ወደ እንግዳ ማረፊያ ይሻገራል። ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ የአንሶላ አጠባው፣ የሌሊት በር መክፈቱ ሌላ ነው፤ በዓል የሌለባቸው የክረምት ሳምንታትም ባዶ ያልፋሉ። ከሁሉም በላይ፣ ልጆች በሚያድጉበት ግቢ ውስጥ ማታ ማታ የማያውቁት ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት ያ ቤት ቤት መሆኑን ይነካል።

የገንዘቡን ነገር በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቤተሰብ በግቢው ጓሮ አራት ክፍል ሰርቪስ በ1,600,000 ብር ሠራ እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በወር 5,000 ብር ቢከራይ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። ተከራይ ሲለቅና ሲገባ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር 220,000 ይቀራል። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለፍሳሽ ማስመጠጫና ለተሰበረ ቁልፍ 20,000 ይውጣ፤ ለግብር ሌላ 20,000 ይታሰብ። በእጅ የሚገባው 180,000 ብር ነው፤ ይህም ከወጣው ገንዘብ 11 በመቶ ገደማ ሲሆን ዋጋው ባይለወጥ ወጪውን ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። ገንዘቡ በ16 በመቶ ወለድ ከባንክ የተበደረ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 256,000 ብር ነው። ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ አድርጎ መነሳቱን ያየ ሰው የ16ቱን ግምት የተጋነነ አይለውም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሠራል? የሚሠራው በብድር ስላልሆነ ነው። ዕቁብ ሲደርስ ብሎኬት ይገዛል፤ ቡና ሲሸጥ ወይም ከውጭ ያለ ልጅ ሲልክ ጣሪያ ይለብሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት በርና መስኮት ይገባል። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግሽበቱ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ በቁጠባ ደብተር የተቀመጠ ብር በዓይን እያዩት ቀለጠ። በብረትና በሲሚንቶ የተቀበረው ግን ዋጋውን ይዞ ቆየ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎችን ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር በዛ፤ ቀድሞ የሠራ ተጠቀመ። ስለዚህ ሰርቪሱ በመጀመሪያ የሚሰጠው ጥቅም ብርን ከመቅለጥ ማዳን ነው፤ ወርኃዊ ኪራዩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ይህ ጥቅም ግን የሚቆመው ቤቱ ሕጋዊና ጠንካራ ሆኖ ከተሠራ ብቻ ነው።

ከስሌቱ ውስጥ የማይገባው ትልቁ ወጪ የጋራ ቆጣሪ ነው። በአብዛኛው ግቢ መብራቱ በባለቤቱ ስም በአንድ ቆጣሪ ይገባል፤ ተከራዮች በሰው ቁጥር ወይም በአምፖል ያዋጣሉ። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ፍጆታው ሲጨምር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለየብቻቸው ቢሆኑ በዝቅተኛው እርከን ሊከፍሉ የሚችሉ ሰዎች በአንድነት ከላይኛው እርከን ላይ ይወጣሉ። ድህነታቸው ያስገኘላቸው ቅናሽ በግቢው በር ላይ ይቀራል።

የዓርብ ማታ ያንድ ግቢ ሁኔታ ነገሩን ያሳያል። ከሰርቪሱ አንዷ ለነገ እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ትሰካለች፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ዋናው ቤት ውስጥ ሌላ ምጣድ ተጥዷል፣ ፍሪጁም ይሠራል። በድንገት ግቢው በሙሉ ይጨልማል፤ ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ወድቋል። አንዱ በስልክ መብራት ይሄዳል፣ ያነሳዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ማን ነው የሰካው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሊጡ ኮምጥጦ ያድራል፤ በማግሥቱ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታው ቀዝቀዝ ይላል። ይህ ሁሉ ለሰርቪሱ የራሱ ቆጣሪ፣ ካልተቻለም የውስጥ መለኪያ ቆጣሪና ለምጣድ የሚበቃ ወፍራም ሽቦ ቢኖር ኖሮ የማይፈጠር ነው። የሚጠይቀው ገንዘብ ከጠቅላላው ግንባታ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ተከራይ ሳይለቅ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ከቀለምና ከሴራሚክ ይልቅ የሚያራዝመው እሱ ነው። የውሃውም ነገር ተመሳሳይ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚቀድመው ዋናው ቤት ከሆነና ለሰርቪሱ የሚሆን ሮቶ ከሌለ ጀሪካን ተሸክሞ የሚውል ተከራይ ሌላ ክፍል እንዲያፈላልግለት ለደላላ መንገሩ አይቀርም።

በአሞራ ገደል ከሌሎች ሰፈሮች ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፍሳሹ ነው። ከሐይቅ አጠገብ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ አምስት ቤተሰብ ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል፤ በክረምት ደግሞ ከላይ ከሚገባው በተጨማሪ ከጎንና ከሥር የሚመጣው ውሃ ይሞላዋል። በፍሳሽ መምጠጫ መኪና ዛሬ አስመጥጦ ከነገ ወዲያ መልሶ ሲሞላ ያየ ሰው ምክንያቱን ጉድጓዱ ውስጥ ያጣዋል። ምክንያቱ በዙሪያው ያለው አፈር ነው። ግድግዳና ወለሉ በኮንክሪት የታሸገ ሴፕቲክ ታንክ ውድ ቢሆንም እዚህ አካባቢ ከቅንጦት አይቆጠርም። ያልታሸገ ጉድጓድ የሚያሰርገው ወደ ሐይቁ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ የሰፈሩ ዓሣ፣ ገበያና መዝናኛ ሁሉ ነው። የተከራይ ብዛት የሚወሰነው በክፍል ብዛት መሆኑ ቀርቶ ሽንት ቤቱ በሚሸከመው መጠን ቢሆን ለግቢውም ለሐይቁም ይበጃል።

ሐይቁ ራሱም ባለበት አይቆምም። የሐዋሳ ሐይቅ ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባው ውሃ የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ብቻ ነው። ዝናብ የበረታባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ውሃው ወደ ላይ ይነሳል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከፍ ብሎ ከተማዋን ሲያሰጋ ቆይቷል፤ በዳርቻው የተሠራው የአፈር ግድብም የዚህ ስጋት ልጅ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲሞሉም ጭንቀቱ ተመልሶ መጥቷል። በዝቅተኛ ቦታ ያለ ግቢ የሚገዛ ሰው በበጋ ደረቅ ሆኖ ያየውን መሬት በነሐሴ መጨረሻ መልሶ ሊያየው ይገባል። ጎረቤት ካሉ የቆዩ ሰዎች ውሃ የት ድረስ ደርሶ እንደነበር መጠየቅም ያስፈልጋል። በአጥር ብሎኬት ላይ የቀረ የእርጥበት መስመር ከደላላ ቃል ይልቅ ይታመናል።

ከተማዋ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ መሆኑ ሌላ ግዴታ ያመጣል። ጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳን የመታው ርዕደ መሬት በሬክተር ከ4 ጥቂት የሚበልጥ ቢሆንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሕንፃ ለመውጣት ሲጣደፉ ተጎድተዋል። ለአንድ ወለል ታስቦ በተሠራ የሰርቪስ መሠረት ላይ ያለ መሐንዲስ ፎቅ መቀጠል፣ ኮለን ሳይኖር በብሎኬት ግድግዳ ላይ ሶሌታ ማልበስ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ በሰው ሕይወት ላይ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ከሥር የሚተኙት ደግሞ በአብዛኛው ኪራይ የሚከፍሉት ናቸው። ፎቅ የሚታሰብ ከሆነ መሠረቱ ሲወጣ ጀምሮ ፌሮው ለፎቅ መታሰብ አለበት።

ወረቀቱ ከዚህ አይለይም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ያለ ግንባታ ፈቃድ መሥራትን ከልክሏል፤ ባለ አንድ ወለል ቀላል ቤት በምድብ «ሀ» ይገባል፣ ፎቅ ሲሆን ምድቡና የባለሙያው ደረጃ ይጨምራል። ብዙ ግቢዎች ላይ ግን ዋናው ቤት በፕላን ላይ አለ፤ ሰርቪሱ የለም፣ ወይም «ማድ ቤት» ተብሎ ከተፈቀደው ስፋት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጉድለት በሰላሙ ጊዜ አይታይም። የሚታየው ባንክ ለብድር ማስያዣ ቤቱን ሲገምት፣ መንገድ ሲሰፋና ካሳ ሲሰላ፣ ወይም ገዢ ካርታና ፕላኑን ይዞ ግቢው መሐል ሲቆም ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ደግሞ የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ቢሆንም ያልተከፈለው የሊዝ ቀሪ ሒሳብ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጋገር ዕዳ ነው።

ማከራየቱም የራሱ ሕግ አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ይደነግጋል። በክልሎች የሚፈጸመው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ለተከራዩ ከለላ የሆነው ይህ ሕግ ለባለግቢው አንድ ነገር ይለውጣል፤ ተከራይን መምረጥ ከዋጋ በላይ ይሆናል። ሆቴል እንደሚያስተናግድ ሰው ዛሬ አስገብቶ ነገ ማስወጣት አይቻልም፤ በአንድ በር የሚወጡና የሚገቡ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ዓመት አብረው ይኖራሉ። ግብሩን በተመለከተ ኪራይ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ሥር ይወድቃል። አዋጁ ሲወጣ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለት ነበር፤ በሐምሌ 2017 የገቢ ግብሩ ሕግ ተሻሽሏል። ጥር 2017 ላይ የፀደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ክልሎች በቦታና በሕንፃ ላይ ዓመታዊ ታክስ እንዲጥሉ በር ከፍቷል። የተጨመረ ክፍል ሁሉ የሚገመት ሕንፃ ስለሚሆን ገና ሳይሠራ ይህንንም ከወጪ መቁጠር ይበጃል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ባዳ ተከራይ ነው። ሁለት ቤት ያለው ግቢ ትልቁን ዋጋውን የሚያወጣው ግን ለቤተሰብ ሲውል ነው። እናት አርጅታ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ከጓሮ ያለው የራሷ በርና ሽንት ቤት ያለው ክፍል ከልጇ ሳሎን ፍራሽ ላይ ከመተኛት ያድናታል፤ ክብሯን ሳታጣ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትውላለች። አዲስ ያገባ ልጅ ሁለትና ሦስት ዓመት ኪራይ ሳይከፍል ቢቀመጥበት የራሱን ቦታ መግዣ ያጠራቅማል። እነዚህ በብር አይመዘገቡም፤ ቤተሰቡ ከኪስ ሊያወጣው ይችል የነበረ ገንዘብ ግን ናቸው። ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ ባለ አንድ ክፍል ሆነው ለኪራይ ብቻ ከሚደረደሩ ቢያንስ ሁለቱ በውስጥ በር የሚገናኙ ቢሆኑ ይሻላል። በሩ ሲዘጋ ሁለት ተከራይ፣ ሲከፈት አንድ የእናት ቤት ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ወላጅ ሲያልፍ ነው። ካርታው አንድ፣ ቤቱ ሁለት፣ ወራሾቹ አምስት። ዋናው ቤት ውስጥ ያለው ልጅ «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሰርቪሱ ውስጥ ያለችው እኅት አባቷን ያስታመመችው እሷ ናት፤ ውጭ ያለው ወንድም ጣሪያውን ያለበሰው እሱ ነው። ቦታው ለሁለት ካርታ የማይበቃ ከሆነ ያለው መንገድ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ መግዛት፣ ወይም ሸጦ መካፈል ብቻ ይሆናል። ማን ምን አወጣ የሚለው ወላጅ በሕይወት እያለ በጽሑፍ ካልሰፈረ በየፍርድ ቤቱ ዓመታት ይወስዳል። ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ሰው ገና ሲሠራ ሁለቱን ቤቶች ወደፊት በሁለት በር መክፈል በሚቻልበት አቅጣጫ ቢያስቀምጥ፣ ቢያንስ የመኪና መግቢያውን በአንድ ጥግ ቢያደርግ፣ ለልጆቹ ትልቅ ጠብ አስቀረላቸው።

ሌሎች ሀገሮችም ወደዚሁ አኗኗር እየተመለሱ ናቸው። የካናዳዋ ቫንኩቨር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጓሮ ባለው ጠባብ መንገድ በኩል ትንሽ ቤት እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የጓሮው ሁለተኛ ቤት ስፋቱ በአብዛኛው ከ60 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ካሊፎርኒያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቃዱን በተደጋጋሚ አቅልላለች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ቤት ሲገዙ «ቤዝመንት» ያለውን መርጠው ምድር ቤቱን በማከራየት የባንክ ዕዳቸውን ይከፍላሉ። በእነዚያ አገሮች ያለው ልዩነት የቤቱ ሐሳብ ላይ አይደለም። ሁለተኛው ቤት በሕግ ስም አለው፤ መስኮቱ፣ የእሳት መውጫው፣ የፍሳሹ መስመር ተለክቶ ይፈቀዳል። ሐዋሳን የመሰለ ከተማም ሰርቪስን «ማድ ቤት» ከሚል ሽፋን አውጥቶ በስሙ ቢጠራው፣ የክፍሉን ዝቅተኛ ስፋት፣ የሽንት ቤቱን ቁጥርና ከሐይቁ ያለውን ርቀት ወስኖ ቢፈቅደው፣ የከተማዋን ብዙ ተከራይ በሕጋዊ ጣሪያ ሥር ማስገባት ይችላል። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በመንግሥት ገንዘብ ይሠራል፤ ሰርቪስ ግን ቤተሰቡ በራሱ ዕቁብ የሚሠራው ነው።

ለመሸጥ ሲታሰብ የሁለቱ ቤቶች ዋጋ እኩል አይደመርም። ገዢ የሚከፍለው በመጀመሪያ ለቦታው፣ ለካርታውና ለመንገዱ ስፋት ነው፤ ከዚያ ለዋናው ቤት። ሰርቪሱ በፕላን ላይ ካለ፣ ሴፕቲክ ታንኩ ከታሸገ፣ ቆጣሪው ከተለየና የኪራይ ውሉ ከተመዘገበ ገቢው በወረቀት ስለሚታይ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ካልሆነ ገዢው ክፍሎቹን የሚያያቸው ነገ እንደሚያፈርሳቸው ግድግዳ፣ ተከራዮቹንም እንደሚያስወጣቸው ሰዎች ነው። ያን ጊዜ ሻጩ አሥር ዓመት ኪራይ ስለበላበት ሰርቪስ ተጨማሪ ብር ሊጠይቅ ሲል፣ ገዢው የማፍረሻውንና ጉድጓዱን የመድፈኛውን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።